ዓይኑን ያመመው መዝገብ

በእኛ አገር ሰው መሞቱ ሳይረጋገጥ ጥሩምባ አይነፋም። ለኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለም። ስክሪኑ ጥቁር ሲል፣ ወይም ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ሲረጭበት፣ በዙሪያው የቆመው ሰው ያለ ሐኪም ማረጋገጫ «ሞተ» ይላል። «ሞተ» ከተባለ ደግሞ በውስጡ የነበረው ሁሉ አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። «ስክሪኑ አይታይም»፣ «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል»፣ «መረጃው ጠፍቷል»፤ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሆነ ማለት የግድ ሌላውም ሆነ ማለት አይደለም። በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ ግን እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲነገሩ ስሰማ ኖሬአለሁ። ይህ መደባለቅ የአንድ አዛውንትን ስም ሊያጎድፍ ሲቃረብ ያየሁት ደግሞ በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ በእናቴ ዕድር ውስጥ ነው።

የዕድር ቤት ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደራርበው ጣሪያ ሊነኩ ደርሰዋል፤ ጎላ ድስቱና ሳህኑ በቁጥር ተቆልፎበታል። የእኛ ዕድር ከዚህ ሌላ በአንድ ጥግ፣ በአሮጌ ነጠላ የተሸፈነ ኮምፒዩተር አለው። ከአባላቱ አንዱ ይሠሩበት የነበረ ድርጅት ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ ሲሸጥ የተገዛ ነው። ማዘርቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የተሠራ ሲሆን የራሱ የሆነ የስክሪን መውጫ የለውም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ለሰው ዓይን ማሳየት የሚችለው ለብቻዋ በተሰካችለት አንዲት ግራፊክስ ካርድ በኩል ነው። ይህን አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡን የሚይዙት ከሂሳብ ሥራ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ጸሐፊ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። የእጅ ጽሑፋቸው የታወቀ ነው፤ የድሮውን ባሕር መዝገብ ያየ ሰው ማተሚያ ቤት ገብቶ የወጣ ይመስለዋል። ኮምፒዩተር የለመዱት ስልሳን ከተሻገሩ በኋላ ነው። በሁለት ጣት እየለቀሙ የ212 ቤተሰብ መዋጮ በየወሩ ያስገባሉ። ማን ከፈለ፣ ማን ስንት ወር ውዝፍ አለበት፣ ለማን ሐዘን ምን ያህል ወጣ፤ ሁሉም እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው። ዕድር ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጡት ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ሌሊት ሰው ቢያርፍ ነገ ጠዋት ገንዘቡ መውጣት አለበት፤ ገንዘቡ እንዲወጣ ደግሞ መዝገቡ መታየት አለበት።

በየካቲት መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ታየ። መጀመሪያ እንደ ኩፍኝ ጥቂት ሆኖ ጀመረና ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሐምራዊ መስመር ተጨመረበት። ጥቂት ደቂቃ ይሠራና ደግሞ ጥቁር ይላል። ጋሽ ጸሐፊ አንድ ወጣት ባለሙያ አስጠሩ። ልጁ ነጠብጣቡን ከሩቅ አየና «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት ማለት ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ዓይኑን ላመመው ሰው ጥርሱን፣ ያውም ሁሉንም ጥርሱን እንደ መንቀል ያለ ሕክምና ነው። ደግነቱ ጋሽ ጸሐፊ «አጥፍቶ» የምትለዋን ቃል ሰምተው እምቢ አሉ።

እምቢታቸው ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ዓመታዊው የሂሳብ ምርመራ ሊደርስ የቀረው 11 ቀን ነበር። «ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ኮምፒዩተር እንዴት ልክ ምርመራ ሲመጣ ይታመማል?» ተባለ። «ባለሙያው ልሥራው ሲል ለምን ከለከሉ?» ተባለ። አንዲት እናት ደግሞ ቡና ላይ «የሰነድ መጋዘን መቼም የሚቃጠለው ከኦዲት በፊት ነው» አሉ። ይህን ያሉት ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። በዚህ አገር ዕድሜ የጠገበ ሰው እንዲህ ብሎ ለማሰብ በቂ ምክንያት አይቷል። ጋሽ ጸሐፊ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ። እናቴ ይህን አይታ «አንቺ ይኼን ነገር ትችይው የለም? ሄደሽ እዪላቸው እንጂ!» አለችኝ።

እችለዋለሁ ማለት ይከብዳል። ከጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ በኋላ መጀመሪያ የገባሁበት ዝግጅት ክፍል ሦስት የሞቱ ኮምፒዩተሮችን አገጣጥሞ አንድ ሕያው የሚያወጣ ቤት ስለነበር፣ ካቻቢቴ መያዝ የሥራው አንድ ክፍል ነበር። ከዚያ የቀረኝ አንድ ልማድ ነው፦ ከምንም በፊት የማይተካውን ነገር ከሚተካው መለየት። ካርድ ይተካል፤ የአሥር ዓመት መዝገብ አይተካም። ስለዚህ ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች ፊት ኮምፒዩተሩን ሳላበራ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የሃርድ ዲስኩን አራት ብሎኖች ፈታሁ፣ ዲስኩን በማገናኛ ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አያያዝኩና ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። «ይኸው መዝገቡ አለ» ብዬ ከፈትኩላቸው።

የተከፈተው ነገር መዝገብ አይመስልም። ቁጥሮቹ በየሰልፋቸው ቆመዋል፤ በስም ቦታ ግን ያለው ነጥብና ጭረት የተጫነበት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው። ባለቤት የሌለው ገንዘብ! ከሦስቱ ሰዎች አንዱ አማተቡ።

ነገሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ዊንዶውስ ከነፊደሉ ይዞ የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ይዞ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው በላዩ ላይ የአማርኛ መልክ የሚሥሉ ነበሩ፤ ብዙ ሰውም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የለመደውን አልተወም። ጋሽ ጸሐፊም የለመዱትን ያልተዉ ሰው ናቸው። ፊደሉ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ «ወ/ሮ» የሆነው፣ ፊደሉ በሌለበት ሌላ ነገር ይሆናል። ከአሮጌው ዲስክ ላይ የፊደሉን ፋይል ፈልጌ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩና ስሞቹ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቀድሞ የዕድሩ ዳኛ የነበሩ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ አዛውንት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አንቺን በክፉ አላሰብኩሽም። ግን ይኼ ያንቺ ዕቃ ነው። መጀመሪያ የማይነበብ ነገር አሳየን፤ አንድ ነገር ነካ ነካ አደረግሽና ስም ሆነ። ነገ ደግሞ ቁጥሩን ነካ ነካ ብታደርጊውስ? እኛ የምናምነው መዝገቡ የተጻፈበትን ነው» አሉ።

ይህን ንግግር ስንት ሰው ፊት ባወራው «ኋላቀርነት» ይለዋል። እኔ አልለውም። ፍርድ ቤት ዋናው እያለ ቅጂ አይቀበልም፤ ባንክም እንዲሁ። አዛውንቱ ያሉት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ኦሪጅናሉን አሳዩኝ ነው ያሉት። ኦሪጅናሉን ለማየት ደግሞ ያ ሣጥን ራሱ ዓይኑን መግለጥ አለበት። እንግዲህ ሕክምናው የተጀመረው እንዲህ ነው።

የታመመ ኮምፒዩተር ምርመራ ከዕድር ክርክር የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ተጠርጣሪው በተራ ይጠየቃል እንጂ ሁሉም አንድ ላይ አይያዝም። አንድ ነገር ብቻ ትለውጣለህ፤ ታያለህ፤ ትጽፋለህ። ሁለት ነገር በአንዴ ለውጦ የዳነለት ሰው ምን እንዳዳነው ሳያውቅ ይኖራል፣ በሽታው ሲመለስም እጁ ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሞኒተሩ ነው። ሞኒተር የራሱ ሜኑ አለው፤ ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኑ ብቅ የሚለው፣ ድምቀት መጨመሪያና መቀነሻው። ይህን ሜኑ የሚሥለው ሞኒተሩ ራሱ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ አይበደርም። ስጫነው ነጠብጣቡ መካከል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሞኒተሩ ነፃ ተለቀቀ። ገመዱን በሌላ ገመድ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። እሱም ተለቀቀ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የወጣቱ ባለሙያ ቫይረስ ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ፣ ዊንዶውስ ገና ከመነሳቱ በፊት፣ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ያሳያል። የሜሞሪ መጠን፣ የዲስክ ስም፣ እንዲህ ያለ ነገር። በዚያ ሰዓት ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስም፣ ቫይረስ ካለ ቫይረሱም፣ ገና አልነቁም። ነጠብጣቡና የተዛባው ፊደል ግን እዚያም ላይ ነበር። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስናበራው ምንም ሳያሳይ ጮኸ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። በእንዲህ ያሉ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ይህ ድምፅ «የማሳያው ክፍል ታሟል» ማለት ነው። ለዕድር ሰው ጥሩምባ መተርጎም አይከብድምና ሁሉም ወዲያው ገባቸው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ መዝገቡ ይጠፋ ነበር፤ ነጠብጣቡ ግን እንዳለ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃይል ሰጪው፣ ማለትም ፓወር ሳፕላዩ ነበር። ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት መስጠት አለበት፤ የሚፈቀድለት ልዩነት ወደላይም ወደታችም 5 ከመቶ ነው፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ማለት ነው። ቴስተሩ 11.9 አለ። ደህና ነው። የኮምፒዩተሩን ሁለት የሜሞሪ ካርዶች በየተራ እያወጣሁ ሞከርኩ፤ ነጠብጣቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀረች ግራፊክስ ካርዷ።

ካርዷን ስነቅላት ፋኗ አይታይም ነበር። የዕድር ቤት አቧራ ተራ አቧራ አይደለም፤ የድንኳን ሸራ ብናኝ አለበት፣ የከሰል ጢስ አለበት፣ የሰሌን ፍቅፋቂ አለበት። ይህ ሁሉ ተጋግሮ እንደ ባና ሸፍኗታል። በብሩሽ ስጠርገው ፋኑ በጣት ሲገፉት እንኳ እያንገራገረ የሚዞር ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ ያለው፣ የቺፑን ሙቀት ወደ ብረቱ የሚያሸጋግረው ፔስት ደርቆ ኖራ ሆኗል። አዲስ ፔስት ቀባሁ፤ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሰኩትን ወርቅማ ጥርሶች በላጲስ ጠርጌ፣ የላጲሱን ፍርፋሪ አራግፌ መለስኳት። ካርዷ ላይ የቆሙት በርሜል የሚመስሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግድም በተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ እንደታየው አናታቸው አብጦ ቢሆን ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር።

ሰዓት ይዘን ጻፍን። ከጽዳቱ በፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ አርፎ ሲበራ ለ12 ደቂቃ ይሠራና ይጠቁራል፤ ወዲያው ዳግም ሲበራ 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይህ የሙቀት ምልክት ነው። ከጽዳቱ በኋላ 40 ደቂቃ ሄደ። ጋሽ ጸሐፊ ደስ አላቸው። ነጠብጣቡና የተዛባው ፊደል ግን በዚያው በቦታቸው ነበሩ። ስለዚህ በሽታው ሁለት ነው፤ አንዱ ትኩሳት፣ ሁለተኛው የካርዷ የራሷ ሜሞሪ። ትኩሳቱ በረደ፤ ሁለተኛው በጽዳት የሚለቅ አልነበረም።

በዚህ መካከል ነው እውነተኛው ጥያቄ የመጣው። ከጥቁሩ የመነሻ ጽሑፍ ላይ፣ ኮምፒዩተሩ ሜሞሪውን ሲቆጥር 2048 ማለት ሲገባው 2248 ብሎ አሳየ። ባልገዛነው ሜሞሪ ከበርን! እኔ በሣቅ ላልፈው ስል አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ቀጥ አድርገው ያዙ። «ታዲያ ቁጥር ይቀይራል ማለት ነዋ!» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህ ጥያቄ መልስ ካላገኘ የጋሽ ጸሐፊ ነገር ያበቃለታል። ምክንያቱም ያሉት ነገር እውነት ነው፤ ያ ስክሪን ቁጥር ቀይሮ አሳይቷል።

ወረቀት አወጣሁና ስምንት አምፖል ሣልኩ። ኮምፒዩተር እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር የሚያስቀምጠው በተወሰኑ የበሩና የጠፉ አምፖሎች ነው እንበል። በመነሻው ጥቁር ጽሑፍ ላይ ካርዷ ፊደሉን የምትይዘው በዚህ መልክ ነው። 0 ሲጻፍ 00110000 ነው። አሁን ከቀኝ ሁለተኛው አምፖል ተበላሽቶ ሁልጊዜ በርቶ ቢቀር፣ 00110010 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ 2 ነው። 5 በዚያው ስሕተት 7 ይሆናል። የእንግሊዝኛው ኤ፣ ሲ ይሆናል። ቢ ግን ድሮም ያ አምፖል የበራለት ስለሆነ አይለወጥም። ለዚህ ነው ጽሑፉ ውስጥ አንዳንዱ ፊደል ደህና፣ አንዳንዱ የተዛባ የሆነው። ስሕተቱ በሁሉም ቦታ ያልታየው ደግሞ የታመመው የሜሞሪው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ክፍል ላይ ያረፈው ፊደል ብቻ ይነካል።

«ስለዚህ ይቀይራል» አሉ አዛውንቱ፣ አሁንም ሳይለቁ።

«እዚህ ላይ ይቀይራል፤ መዝገቡ ላይ አይቀይርም» አልኩ። ዊንዶውስ ሲነሳና የጋሽ ጸሐፊ መዝገብ ሲከፈት፣ ካርዷ የምትይዘው ቁጥር አይደለም፤ ሥዕል ነው። 5 የሚለው ምልክት በነጭ መደብ ላይ የተረጨ የጥቁር ነጥብ ስብስብ ነው። የታመመ ሜሞሪ አንዱን ነጥብ ቀይ ያደርገው ይሆናል፣ ሌላውን አረንጓዴ፤ ሥርዓት ያለው 7 አድርጎ ግን አይሥለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። መዝገቡ ከሃርድ ዲስክ ይነበባል፣ ሂሳቡ በማዕከላዊው ቺፕ ይሠራል፣ ምስሉ ወደ ካርዷ ይላካል። ኤክሴል የካርዷን ምስል መልሶ አንብቦ ወደ መዝገብ አይጽፍም። ዓይነ ሞራ ያለበት ሰው መዝገብ ሲያነብ 5ን 6 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ቀለሙ ግን ከወረቀቱ ላይ አይለወጥም።

ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ማስረጃው ማተሚያ ሆነ። ወደ ወረቀት የሚሄደው ጽሑፍ በግራፊክስ ካርዷ ሜሞሪ በኩል አያልፍም፤ ሌላ መንገድ አለው። ከጎረቤት ጽሕፈት ቤት ፕሪንተር ተዋስን፤ በዚያው በታመመው ሣጥን ላይ የአንድ ገጽ መዝገብ ከፍተን አተምነው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቡ እንደ ጤፍ ተበትኗል፤ ከፕሪንተሩ የወጣው ወረቀት ንጹሕ ነው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ይዘው፣ ሠላሳ ስምንት ስም በጣታቸው እየነኩ አስተያዩ። ነጠብጣብ ያረፈበት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና ጠጋ ብለው ያዩታል። አንድም የተለየ አላገኙም። በመጨረሻ «በሉ ካርዷ ትገዛ» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ከእሳቸው ዘንድ ይህ ብዙ ነው።

ከመግዛቱ በፊት ግን ያ ወጣት ባለሙያ ሌላ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ፤ ካርዷን ምጣድ ላይ እናድርጋት! አልቀለደም። ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የድሆች ሕክምና ነው፤ ፈረንጆቹ በኬክ መጋገሪያቸው ውስጥ 200 ዲግሪ አካባቢ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይጋግሩታል፤ አንዳንዱም እውነት ይነሳላቸዋል። ነገሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2006 የአውሮፓ ኅብረት እርሳስን ከኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ፣ ቺፕ የሚጣበቅበት ስታኞ ያለ እርሳስ መሠራት ጀመረ። እርሳስ ያለበት በ183 ዲግሪ ይቀልጥ የነበረው፣ አዲሱ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንደ አሮጌው አይለጠጥም። ስለ ቺፕ ስንጥቅ ብዙ የተወራውም በእነዚያ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ አንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ በማያያዣ ዕቃቸው ድክመት ከሚጠበቀው በላይ እየተበላሹ መሆኑን አሳውቆ፣ ለዚሁ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ ገልጾ ነበር። (የእኛዋ ካርድ ከዚያ ታሪክ ጋር ዝምድና የላትም። የሠሪዋን ስምም አላነሳም፤ ያን ሁሉ አቧራ ተሸክማ ይህን ያህል ዓመት መሥራቷ የሚያስመሰግናት ነው።)

ታዲያ 200 ዲግሪ ላይ ያለ እርሳስ የተሠራው ስታኞ የማይቀልጥ ከሆነ መጋገሩ እንዴት ያድናል? አያድንም። ሙቀቱ የተሰነጠቀውን ነገር ትንሽ ያሳብጠውና ለጊዜው ይነካካል፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እሁድ ስብሰባ ላለው ሰው ደግሞ ቅዳሜ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በላይ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ ላይ የፕላስቲክና የኬሚካል ጢስ ማውጣት ምን ዓይነት ነገር ነው? የዕድሩ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ክርክሩን በአንድ አፍ ዘጉት። ምጣዱ ከካርዷ ይበልጥ ውድ መሆኑን ማስረዳት አላስፈለገም።

ምናለሽ ተራ የሄድኩት አሮጌዋን ካርድ በቦርሳዬ ይዤ ነው። ያልያዘ ሰው የሰጡትን ይዞ ይመለሳል። መሰኪያው እ.ኤ.አ. ከ2004 ገደማ ጀምሮ ቅርጹን ስላልቀየረ ብዙ ዓይነት ካርድ ይገጥመዋል፤ ይህ ግን አታላይ ምቾት ነው። በጣም አዲስ የሆነ ካርድ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰኩት ጨርሶ ላይነሳ ይችላል፤ የሚነጋገሩበት የመነሻ ቋንቋ ተቀይሯል። ለሽማግሌ ባል ሽማግሌ ሚስት እንዲሉ፣ ከዚያው ዘመን የሆነ መፈለግ ነበረብኝ። ሁለተኛው መመዘኛዬ ፋን የሌለው፣ ሙቀቱን በብረት ክንፍ ብቻ የሚያስወጣ እንዲሆን ነው። በዕድር ቤት አቧራ ውስጥ የሚዞር ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል፤ የማይዞር ነገር ግን ከመጀመሪያውም ቆሟል። ሦስተኛው፣ ከመሰኪያው ከሚያገኘው 75 ዋት ሌላ ተጨማሪ ሽቦ የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

ሻጩ ፈልጎ አንዷን አወጣልኝና በትዝብት አየኝ። «እህቴ፣ ይቺ እኮ ጌም አታጫውትም» አለ። ዕድር ጌም አይጫወትም አልኩት። በእሱ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን ግማሽ ሰዓት አስኬድናት፤ የመነሻ ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበብኩ፤ 1,800 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ደረሰኝ የለውም። ይህ ኋላ ላይ ጣጣ አመጣ።

እሁድ ዕለት ኮምፒዩተሩ ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ተከፈተ። መርማሪዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ስክሪኑን ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር አመሳከሩ። የ60 ብር ልዩነት ወጣ፤ የአንድ አባል የኅዳር መዋጮ በጥቅምት ተመዝግቦ ስለነበር ነው፤ እዚያው ታረመ። ቡና ላይ ስለ መጋዘን የተናገሩት እናት ለጋሽ ጸሐፊ ዳቦ ቆርሰው በእጃቸው ሰጧቸው። ስለ ነገሩ ያነሳ ሰው የለም፤ እንዲህ ያለው ነገር እንዲህ ነው የሚያልፈው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጸሐፊ አስጠሩኝ። ደረሰኝ ስለሌለው ለ1,800 ብሩ የወጪ ማረጋገጫ ሠርተው፣ ሦስት ምስክር አስፈርመው ጨርሰዋል። የቀረው አሮጌዋ ካርድ ነበረች።

«የዕድሩ ንብረት ናት፤ ተመላሽ መደረግ አለባት» አሉ።

ከቦርሳዬ አወጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ካኪ ፖስታ ውስጥ ከተቱና የንብረት መዝገቡን ገለጡ። ያ መዝገብ አሁንም በእጅ ነው የሚጻፈው። የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ የተመለሰበት ቀን ሞሉ። «የዕቃው ሁኔታ» የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አንስተው አዩኝ።

«የተበላሸ ልበል?»

«አዎን ጋሼ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ እንኳ አይደለም። ትነሳለች፤ ግን ያየችውን አሳስታ ታሳያለች።»

ጥቂት አሰቡና በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው «በከፊል የሚሠራ» ብለው ጻፉ። ከዚያም መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው የምፈርምበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ።